የመኸር ሥራና የሕፃን እንቅልፍ

(በተጂ ለእናቶችና ለአባቶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሕፃናት እንቅልፍ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ሕፃን ሲደክመው ይተኛል፣ ሲርበው ይነሣል» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ኅዳር ሲመጣ የሚሆነውን እናስታውስ። በበቾ ሜዳ ጤፉ ደርሷል። አጫጁ ዶሮ ሲጮኽ ይነሣል። እናት ደግሞ ለአጫጆች ምግብ ለማድረስ ከእርሱ ቀድማ ትነሣለች። እሳት ይነዳል። ጭሱ ቤቱን ይሞላል። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከእናቱ ጎን ተኝቶ የነበረው ሕፃን ሙቀቷን ሲያጣ ይነቃና ያለቅሳል። ቀን በማሳ ዳር ሲንገላታ ይውላል። ማታ ሁሉም ደክሞት ጋደም ሲል እርሱ ዓይኑን አፍጥጦ ይነጫነጫል። ይህ አንድ ሳምንት ከቆየ እናት ትከሳለች። ወተቷም የደረቀ ይመስላታል። ጎረቤት «ዓይን ነው፣ ሰው አይቶት ነው» ማለት ይጀምራል።

የልጁ ችግር ከዓይን የመጣ አይደለም። ሰዓቱ ተለውጦበት ነው።

ይህ እንዴት ነው? እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የቀኑ ርዝመት ከወር ወር ብዙ አይለያይም። በሰኔ ያለው ረጅሙ ቀን በታኅሣሥ ካለው አጭሩ ቀን የሚበልጠው በ1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በጀርመን አገር፣ በበርሊን ከተማ ግን እንዲህ አይደለም። በሰኔ ቀኑ ወደ 17 ሰዓት ይረዝማል። በታኅሣሥ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት በዚያ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይለወጣል። በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት አጋማሽ ግድም፣ በአንድ እሑድ ሌሊት፣ የሁሉም ሰው ሰዓት በ1 ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል። በጥቅምት አጋማሽ ግድም ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን በአገር ደረጃ መጀመሪያ የሠሩት ጀርመንና አውስትሪያ ናቸው። ጊዜው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሚያዝያ ወር 1908 ዓ.ም. ነበር። የብርሃኑን ሰዓት በደንብ ተጠቅመው ለመብራት የሚቃጠለውን ከሰል ለመቆጠብ አስበው ነው። ግብፅም ትታው ከቆየች በኋላ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ጀምራዋለች።

አዋጁ ሲወጣ ትልቅ ሰው ሰዓቱን አስተካክሎ በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ሕፃን ግን አዋጅ አይሰማም። ትናንት በነቃበት ሰዓት ዛሬም ይነቃል። በዚያ አገር የሚኖሩ እናቶች፣ ከእኛ የሄዱትም ጭምር፣ በእነዚህ ሁለት ሳምንቶች ዓይናቸው ቀልቶ ይሰነብታል።

«ታዲያ የጀርመን ሰዓት ተጂ ድረስ ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። እንዲያውም በስልክ በኩል ይመጣል! በጀርመን ያለ ዘመድ ሥራውን ጨርሶ፣ ሁልጊዜ በእርሱ አገር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይደውላል እንበል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ስልኩ እኛ ዘንድ የሚጮኸው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ግን 3 ሰዓት ላይ ይጮኻል። እርሱ ልማዱን አልለወጠም። የአገሩ ሰዓት ነው የተለወጠው። ይኸው አጨዳው ሲጀመር፣ ቤተሰቡ በጊዜ መተኛት በሚገባው ወራት ስልኩ በ1 ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። የተኛውን ልጅ ቀስቅሶ «እስቲ ድምፁን አሰሙኝ» ማለትም አለ። ለዘመድ «እሑድ ቀን ደውል» ብሎ መንገር ነውር የለበትም።

ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። እኛ ሰዓት በአዋጅ አንለውጥም። ሥራ ግን ይለውጥብናል። በነሐሴ አረም አለ። በመስከረም ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ፣ ከዚያም ውቂያ ይከተላል። አውድማ የሚጠብቅ ሰው ሌሊቱን በውጭ ያድራል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚነሣበትን ሰዓት በ2 ሰዓት ቢያስቀድም፣ ሕፃኑ ላይ የሚደርሰው የጀርመኑ አዋጅ እጥፍ ነው። ለጀርመኑ ልጅ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቅለታል። ለእኛ ልጅ ግን አጫጁ በተገኘ ማግስት ነው የሚመጣበት።

በሰው አካል ውስጥ እንቅልፍንና ንቃትን የሚቆጣጠር ነገር አለ። ባለሙያዎች የአካል ሰዓት ይሉታል። ይህን ሰዓት የሚሞላው ብርሃን ነው። ዓይን የጠዋት ብርሃን ሲያይ አካል «ነግቷል» ብሎ ይነቃል። ሲጨልም ደግሞ እንቅልፍ የሚጠራ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይበዛል። አዲስ የተወለደ ልጅ ይህ ሰዓት ገና አልተስተካከለለትም። ቀንና ሌሊት መለየት የሚጀምረው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ የአራስ ልጅ በሌሊት መንቃት ጥፋት አይደለም፣ በሽታም አይደለም። ሌሊት የሚጠባው የእናቱ ወተት ራሱ እንቅልፍ የሚጠራውን ንጥረ ነገር ይዟል። ወተቴ ደረቀ ያለች እናትም ልጁን ደጋግማ ታጥባ። ጡት በተጠባ ቁጥር ወተት ይጨምራል።

ሕፃን ስንት ሰዓት ይተኛል? እስከ ሦስት ወር ያለው በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ከ12 እስከ 16 ሰዓት ነው። አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ይበቃዋል። እኛ ትልልቆቹ በአጨዳ ጊዜ 5 ሰዓት ተኝተን እንሠራ ይሆናል። የእኛን ልክ ለልጅ መስፈር አይገባም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በዚያ አገር ያሉ እናቶች የሚሠሩት አንድ ብልሃት አለ፤ ለእኛም ይበጃል። ለውጡን በአንድ ቀን አያደርጉትም። ልጁን ዛሬ ሩብ ሰዓት፣ ነገ ሌላ ሩብ ሰዓት እያሉ አስቀድመው ያስተኙታል። በአራት ቀን 1 ሰዓት ሞላ ማለት ነው። እኛም ጤፉ ቢጫ መሆን ሲጀምር አጨዳው ሳምንት ሁለት ሳምንት እንደቀረው እናውቃለን። አጫጅ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን? ያን ጊዜ ጀምረን የልጁን መኝታ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማስቀደም ነው። የእጅ ሰዓት የሌለን በስልክ ወይም በራዲዮ እንለካለን። ይህም ከሌለ የከብቶቹን ወደ ቤት መግባት እንያዝ። ልጁ ከብቶቹ ከታለቡ በኋላ ይተኛ ከነበረ፣ አሁን ከመታለባቸው በፊት ይተኛ።

ሰዓቱ ቢለወጥም ቅደም ተከተሉ አይለወጥ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ገላውን መታጠብ፣ ጡት መጥባት፣ ከዚያ መታቀፍና እሹሩሩ መባል ለምዶ እንደሆነ፣ ሁልጊዜ በዚያው ተራ ይሁን። ሕፃን ሰዓት አያነብም፣ ተራ ግን ያውቃል። ከመታጠብ በኋላ ጡት፣ ከጡት በኋላ እንቅልፍ እንደሚመጣ አካሉ ይማራል። እናት በአጨዳ ላይ ከዋለች አያት ወይም ታላቅ እኅት ይህንኑ ተራ ይጠብቁ። አባትም ቢሆን ልጅ አጥቦ ማስተኛት ይችላል። እጁ ሞፈር ከያዘ ሕፃን መያዝ አያቅተውም።

ጠዋት ልጁን ወደ በር አውጥተን የንጋት ብርሃን እናሳየው። በተለይ በክረምት ይህ ይረሳል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አይለቅም፣ የአዋሽ ውኃም ሜዳውን ይሸፍናል፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ቤት ይውላል። ጨለማ ቤት የዋለ ልጅ ቀን ተኝቶ ሌሊት ቢነቃ ምን ይደንቃል? ደመናም ቢሆን ከቤት ውስጥ ይልቅ ውጭው ብሩህ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ደጃፍ ላይ ጥቂት እንቀመጥ። ማታ ደግሞ መብራቱን ቀነስ፣ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። የስልክ ብርሃንም ከልጁ ፊት ይራቅ።

በማሳ ላይ ልጁ የሚተኛበት ጥላ ከአጨዳው በፊት ይሠራ። በበቾ ዛፍ እንደልብ አይገኝም። አራት እንጨት ተክሎ፣ በላዩ ሣር ወይም ሸማ አልብሶ ትንሽ ዳስ ማቆም የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ፊቱ በነጠላ አይሸፈን። አፍንጫው አየር ያግኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ልጅ አልተኛ ሲል የደከመ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይሞክራል። አረቄ በጣት ማላስ፣ ጠላ ማቅመስ፣ የሳል ሽሮፕ መስጠት አለ። ይህ አደገኛ ነው። የሕፃን ጉበት መጠጥ አይችልም። የሚያደነዝዘው ነገር እንቅልፍ ይምሰል እንጂ ትንፋሹን ሊያስቆም ይችላል። እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት ካለ ግን ይወስዳል።

ሌላው ከሰል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። «ልጁ እንዳይበርደው» ተብሎ የከሰል ፍም ወደ መኝታ ይገባና በሩ ይዘጋል። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ቤተሰብ እንደተኛ ሳይነቃ የቀረበት ጊዜ አለ። ጭሱ ታየም አልታየም፣ ፍም ካለበት በተዘጋ ቤት አይተኛም። የኩበትና የእንጨት ጭስም የልጅን ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ለአጫጆች የሚበስለው ልጁ ከተኛበት ራቅ ብሎ፣ ቢቻል በተለየ ማድ ቤት ይሁን። ልጁን በደረቅ ልብስ ማሞቅ ይበቃል። ልብሱ እስከ ደረቱ ይድረስ፣ ፊቱን አይሸፍን።

ሲተኛም በጀርባው ይተኛ። በሆዱ ማስተኛት ለድንገተኛ ሞት ያጋልጣል። ደግሞም አጨዳ ያለ ጠላ አይሆንም፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የጠጣ ሰው፣ አባትም ቢሆን፣ ያን ሌሊት ከሕፃን ጋር በአንድ መደብ አይተኛ። በእንቅልፍ ልቡ ሊጫነው ይችላል። ድካም የጣለው ሰውም እንዲሁ ነው።

የእንቅልፍ መዛባት ሁሉ ግን ከሥራ ወራት የመጣ አይደለም። ሰዓቱ የተለወጠበት ልጅ ቢነጫነጭም ጡት ይጠባል፣ ሲጫወቱት ይስቃል፣ በአንድ ሁለት ሳምንትም ይስተካከላል። ልጁ ትኩሳት ካለው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ቢቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ ግን ይህ ሕመም ነው። ያን ጊዜ አጨዳው ይቆይ፣ ልጁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሌሊት ቢሆንም እስኪነጋ አይጠበቅም።