በጸሎት የሚከፈል ዕዳ
(በራቤል ለአብነትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

የኔታ «ስለ ጸሎት ተናገርልን» ብለው ሲያዙኝ ከበደኝ። ዳዊት ለደገመና ቅዳሴ ለተማረ ልጅ ስለ ጸሎት መንገር ለግሼ ገበሬ ስለ ገብስ እንደ መንገር ነው። ግን የአባት ትእዛዝ አይመለስምና የሚሰማኝን እናገራለሁ።

ዲያቆናት፣ የማዕረጋችሁን መነሻ አስቡት። በሐዋርያት ሥራ 6ኛው ምዕራፍ እንደምታነቡት፣ በኢየሩሳሌም በዕለት ምግብ ዕደላ ላይ መበለቶቻችን ተረሱብን የሚል ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ጉዳዩን አልናቁትም፤ ረኃብ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ራሳቸው ማዕድ ሲያድሉ ውለው ከጸሎትና ከቃሉ እንዳይጎድሉ ብለው ሰባት ሰዎች አስመረጡና እጃቸውን ጫኑባቸው። ዲቁና ገና ከጥንስሱ ለጸሎት ጊዜ ለማስገኘት የተሠራ አገልግሎት ነው ማለት ነው። ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስም የተሾመው ለማዕድ ነበር፤ በድንጋይ ሲወገር ግን በአፉ የተገኘው ለወጋሪዎቹ ምሕረት የሚለምን ጸሎት ነው። እንዲህ ያለ ጸሎት በሞት ሰዓት በድንገት አይመጣም። የሚያወጣው ቀድሞ የለመደ አፍ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ደበሎ ለብሳችሁ፣ አኩፋዳ አንግታችሁ በየደጁ የቆማችሁበትን ዘመን አትርሱት። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብላችሁ ስትጣሩ፣ ውሻውን በዱላ እየመከታችሁ ስትጠብቁ፣ ባናዋን ተከናንባ ከቤት የወጣችውን እናት አስቡ። የዚህን ደጋ ብርድ ታውቁታላችሁ። በልግ የቀረበትን ዓመትም ታውቁታላችሁ፤ ጎተራው ባዶ ሆኖ ቀጣዩ አዝመራ ሲጠበቅ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚከርም ለእናንተ አልነግርም። ያችን ቁራሽ የሰጠቻችሁ ከተረፋት ላይ አልነበረም፤ ለልጆቿ ካስቀመጠችው ላይ ቆርሳ ነው። ምን አገኝ ብላ? ተማሪው ነገ ወደ ሌላ አገር ይሻገራል፣ ዳግመኛም ላታየው ትችላለች። የሰጠችው በእመቤታችን ስም ስለ ለመናችኋት ነው። አንዳንዷም እህሉን እየሰጠች «በጸሎትህ አስበኝ» ብላችኋለች። እናንተም «እሺ» ብላችኋል። የልጅነት «እሺ» ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ዛሬ የምትቀበሉት ምስክር ወረቀት ከሚመሰክረው ሁሉ ይልቅ ይህ ቃል ከባድ ነው እላለሁ።

ይህ ዕዳ የሚከፈልበት መንገድ በሥርዓታችን ውስጥ ተቀምጦላችኋል። ሊጦኑንና መስተብቍዑን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ መንገደኛ፣ ስለ ታመመ፣ ስላረፈ ይለምናል። ገበሬው ሞፈሩን ይዞ እርሻ ላይ ነው፤ ሚስቱ ውኃ ወርዳለች፤ ልጁ ከከብት ጋር ነው፤ ሌላው ልጅ ለሥራ ወደ አረብ አገር ተጉዟል። ለእነዚህ ሁሉ በሰዓቱ ቆሞ የሚለምን ሰው ያስፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የለየችው እናንተን ነው። ስለ ዝናም የሚለውን ጸሎት የሚያነብ ዲያቆን ወጣ ብሎ ሰማዩን የማያይ ከሆነ፣ ለማን እያነበበ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ከዚህ ከግሼ ጋር በሚዋሰነው በወሎ ምድር የተጋደለውን አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሰ፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያረፈ ሊቅ ነው። ገድሉ የሚነግረን ግን መጀመሪያ ትምህርት እምቢ ያለው ልጅ እንደነበር ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ዓመታት ቆይቶ ምንም ሳይዝ ቀረ። ለመነኮሳቱ እህል እየፈጨ፣ ጓደኞቹ እየቀደሙት፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ይለምን ነበር። ልቡና የተገለጠለት ከዚያ ልቅሶ በኋላ ነው። ከመካከላችሁ ቃሉ ዘግይቶ የገባለት፣ በየኔታ አለንጋ ብዙ የቀመሰ ሊኖር ይችላል፤ ለእርሱ ይህ ታሪክ መጽናኛ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሊቅ ከሆነ በኋላ የደረሰው ትልቁ ሥራው ሌሎች ሌሊት ቆመው የሚጸልዩበት መጽሐፍ መሆኑ ነው። በጸሎት ያገኘውን ዕውቀት ለጸሎት መልሶ ሰጠ።

የምፈራላችሁ ነገር አለ፤ ሳልደብቅ ልናገር። በቃል የያዛችሁት ጸሎት ብዙ ነው። ብዙ ስለሆነም ምላስ ብቻውን ሊያደርሰው ይችላል። ውዳሴ ማርያም ከነአንቀጸ ብርሃኑ እየተባለ ልብ ገበያ ውሎ ሲመለስ እኛ ምእመናን የማናውቅ እንዳይመስላችሁ፤ እናውቃለን። ፍጥነቱ ይነግረናል። ድምፅ ማጉያ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከመቅደስ የሚወጣው ድምፅ እስከ ማዶ ይሰማል፤ መልካም ነው፣ ለሽማግሌና ለታመመ ቤቱ ድረስ ይደርሳል። ነገር ግን ሰው እንዲሰማን የምናሰማው ድምፅ እያደገ፣ ብቻችንን በራችንን ዘግተን የምንለምነው እያነሰ ከሄደ አገልግሎታችን ሙያ ብቻ ይሆናል። ጥሩ ሙያ ይሆናል፣ ደመወዝም ያስገኛል፤ ካህን ግን አያደርግም።

ስለዚህ ለራሳችሁ የሚሆን ጸሎት ይኑራችሁ። አዲስ ነገር መፈለግ አያሻም። አባቶች 150ውን መዝሙረ ዳዊት አሥር አሥሩን «ንጉሥ» ብለው ለሳምንቱ ከፍለውታል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ሁሉን ማድረስ ያልቻለ አንድ ንጉሥ ያድርስ። አንድ ንጉሥም ካልቻለ አንድ መዝሙር ይድገም፣ ግን ቀስ ብሎ፣ የአንድ ቤት ሰዎችን ስም እየጠራ። ደጃቸውን እንጂ ስማቸውን የማታውቁት ሰዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።

እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህ ሁሉ ለካህናት የተነገረ ነው ብላችሁ አትለፉት። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ከሥርዓት ውጭ በተደረገው የጳጳሳት ሹመት ምክንያት ቤተ ክርስቲያናችን ስትፈተን ቅዱስ ሲኖዶስ የነነዌን ጾም ሦስት ቀን ጥቁር ለብሰን በምሕላ እንድናሳልፍ አወጀ። ከጥር 29 እስከ የካቲት 1 በየአጥቢያው የቆመው ምእመን ነበር፤ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች። ከዚያ በኋላ በንግግር ዕርቅ ወረደ። ንግግሩን የሚያሳንስ ሰው አይደለሁም፤ ያለ እርሱ አይሆንም ነበር። ሆኖም ያ ሁሉ ሕዝብ በቁጣ ፈንታ በእግዚኦታ ተይዞ ባይቆይ ኖሮ ለንግግርስ ማን ጊዜ ይሰጥ ነበር? ጸሎት አንዳንድ ጊዜ የሚሠራው የሚለምነውን ሰው እጅ በማሰር ነው። ዛሬም አካባቢያችን ሰላም በተጠማበት ወቅት፣ ከመንደራችሁ የተጣላ ሰው እያለ ዝም ብላችሁ አትጸልዩ። ወንድሙ የተቀየመበት ሰው መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ጌታ አዝዟል። ሽማግሌ ላኩ፣ ከዚያ ኑና ጸልዩ።

በመጨረሻ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልኡካን ይፈለጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስት፣ ሦስት ዲያቆናት። በብዙ የገጠር አጥቢያ ይህ ቁጥር እየጠፋ ነው። ዲያቆኑ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ሎተሪ ያዞራል ወይም ዘበኛ ይሆናል። አልወቅሰውም፤ ሆድ አለው፣ እናት አለችው። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ ምእመናን ከካህናት ጋር ሆነው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ፣ አገልጋዩንም እንዲደግፉ ታስቦ ነው። ቆርቆሮ መለወጥና አጥር ማጠር መልካም ነው፤ ግን ቆርቆሮው ሥር የሚቆም ሰው ከሌለ ለማን ነው? ከዘንድሮው የሕንፃ መዋጮ ላይ ጥቂቱን አንሡና ሰሞነኛው ሌሊት ለኪዳን ሲነሣ ቤቱ እህል እንዳይጎድል አድርጉ። ከእነዚህ ልጆች ቢያንስ ጥቂቶቹን እዚሁ አስቀሯቸው፤ መሬትም፣ በግም፣ ደመወዝም ቢሆን የምትችሉትን ቆርጣችሁ፣ ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ሳትበተኑ ተነጋገሩበት።