ሃርቫርድን ትቶ ወደ ካልቪን

እሱ፦ ሃርቫርድ በነጻ የትምህርት ዕድል የገባ ወጣት ትቶት ወደ ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ይመለሳል? አሜሪካዊው ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ተመልሷል።

እሷ፦ ሚሺጋን ወዳለው፣ ያኔ ካልቪን ኮሌጅ ይባል ወደነበረው። ለዕረፍት ወላጆቹ ዘንድ መጥቶ የሃሪ ጀለማን የፍልስፍና ትምህርት አዳመጠ፤ ልቡም እዚያው ቀረ። መምህር ማለት ይኼ ነው!

እሱ፦ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የካልቪን መምህራን የቤተ ክርስቲያኒቱን የእምነት መግለጫዎች ተቀብለው ይፈርማሉ። መልሱን አስቀድሞ የፈረመ ሰው ምን ሊጠይቅ ነው?

እሷ፦ ቆይ እንጂ! ዓለማዊው ዩኒቨርሲቲስ ያልተጻፈ ውል የለውም? የእነዚህ ቢያንስ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ አይተህ ትሞግተዋለህ። ተማሪው ደግሞ አይፈርምም። ፍሬውንም እይ፦ ፕላንቲንጋ እዚያው ሲያስተምር በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የክፋት መኖርና የቸር አምላክ መኖር በአመክንዮ እንደማይጣረሱ ተከራከረ። ነጥቡን የተቀበሉለት አምላክ የለሽ ፈላስፎች ጭምር ናቸው። አብሮት የተማረው ኒኮላስ ወልተርስቶርፍም ካልቪን ለረጅም ጊዜ አስተምሮ ዬል ገባ።

እሱ፦ ፍሬውን አልካድኩም፤ ሁሉም ኮሌጅ ግን ጀለማ የለውም። ሃይማኖትን የነቀፈውን ፈላስፋ ኒቼን ሳያስነብብ የሚያወግዝ መምህርም አለ።

እሷ፦ እሱ ስብከት ነው፤ ለስብከት እሑድ ይበቃል። በዚህስ ተስማማን።

እሱ፦ እንግዲህ አድማጮቻችን፣ እንዲህ ያለ ኮሌጅ ልትገቡ ካሰባችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የንባብ ዝርዝሩን ጠይቁ። እንደ ሂዩምና ኒቼ ያሉ የሃይማኖት ተቺ ፈላስፎች ከሌሉበት ሌላ ኮሌጅ ፈልጉ።