አጎቴ የጎንደርን ሕንፃዎች እንዴት እንደ ተመለከቱ



ዛሬ የምናገረው ስለ ቤት ነው። ቤት ስል ነገሥታት ያሠሩትን ግንብ፥ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ማልደን የምንገባበትን መሥሪያ ቤትና አያቶቻችን ያወረሱንን ቤት ሁሉ ማለቴ ነው።

የእናቴ ወንድም የሚኖሩት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በገደል አፋፍ ላይ በምትገኘው በኮሶዬ ነው። ሙያቸው ግንበኝነት ነው። ባለፈው ግንቦት ወደ ጎንደር የመጡት ለአንድ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነበር። አያቴ በድንጋይና በጭቃ የሠሩት ቤት በምሥራቅ በኩል ስለ አዘመመ፥ እኔ «አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው» ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን እሺም እምቢም ሳይሉ «አስቀድመህ ከተማህን አስጎብኘኝ» አሉኝ።

በመጀመሪያ ወደ ፋሲል ግንብ ወሰድኋቸው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ እንደ ቆረቆሩ፥ የግቢው ቅጥር 900 ሜትር ያህል እንደሚረዝም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም በ1979 በዓለም ቅርስነት እንደ ተመዘገበ በትምህርት ቤት ልጅ አነጋገር ዘረዘርሁላቸው። አጎቴ ግን ዓይናቸውን በአራቱ ማዕዘን ከቆሙት እንቁላል መሰል ጕልላቶች ላይ አላነሡም።

«ልጄ፥ ዘመኑን ነገርኸኝ፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ ግን አልነገርኸኝም» አሉኝ።

ደመና ከገደል ተነሥቶ እስከ ደጃፍ በሚደርስበት አገር ያደጉ ሰው ናቸውና አስተያየታቸው ከዚህ ይጀምራል። ጕልላት ዝናብን እንደማያቁር፥ ጭቃ ውኃ ሲያገኘው እንደሚሟሟ፥ ኖራ ግን ውሎ አድሮ ወደ ድንጋይነት እንደሚመለስ አስረዱኝ።

ከዚያ አልፈን ከታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ዘንድ ቆምን። ይህ ሕንፃ በ18ኛው መቶ ዘመን መግቢያ የመሬት መንቀጥቀጥ፥ በጣልያን ወረራ መጨረሻም የአውሮፕላን ቦምብ ጎድቶት ለረጅም ዘመን ያለ ጣራ የቆየ ነው። «መንቀጥቀጡ የአንድ ቀን ነው፥ ቦምቡም እንደዚሁ፤ ዝናቡ ግን በየክረምቱ ይመለሳል» አሉ።

በደብረ ብርሃን ሥላሴም የመላእክቱን ፊት ቀና ብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከእሳቱ መትረፏን ነገርኋቸው። እርሳቸውም «ከእሳቱ ፈጣሪ አዳናት፤ ከዝናቡ ያዳናት ግን የሣር ክዳኗን በየጊዜው የሚያድሰው ሰው ነው» አሉ።

በመጨረሻ ጣልያኖች በአምስቱ ዓመት ወደ ሠሩት ወደ ፒያሳ ሄድን። ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን፥ ቀጥ ያለውን መስመርና የተጠጋጋውን ማዕዘን ተመለከቱ። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ እነዚህ ሕንፃዎች የእኛ መሆናቸውን ስነግራቸው «ያሠራው ጠላት ነው፤ ድንጋዩና ላቡ ግን ያገር ነው። እንግዲህ ጠባቂውም ያገር ሰው ነው» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፍራለሁ። ስሙን ወደማልጠቅሰው ወደ ራሴ መሥሪያ ቤት አስገባኋቸው። ኮርኒሱ በእርጥበት ጠቁሯል፤ ከሥሩም አንድ ባልዲ ተቀምጧል።

«ይህ ባልዲ ስንት ክረምት ሆነው?»

«ሁለት።»

«ማን ወጥቶ ጣራውን አየው?»

«ደብዳቤ ጽፈናል፥ ጋሼ።»

«ደብዳቤው መሰላል ይወጣል?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም ዝም አላሉም። «ያባቴም ቤት ያዘመመው በድንጋዩ ድክመት አይደለም። የምሥራቁ ክዳን ሲያረጅ ገንዘብ እልካለሁ ብለኸኝ ነበር። እኔም ሦስት ክረምት ያንተን ቃል ስጠብቅ ግድግዳው ጠጣ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ ቤቱን ለምን እንቀጣዋለን?» አሉኝ።

ክቡራን አድማጮች፤ ቤቱ አልፈረሰም። ያዘመመውን ግድግዳ ብቻ ፈትተው በዚያው ድንጋይ፥ በሲሚንቶ መሠረት ላይ መልሰው አቆሙት፤ ጣራውም ሰፊ ክፈፍ ያለው ቆርቆሮ ሆነ። የአያቴን ሥራ ለማዳን የአሮጌው ነገር ሁሉ እንዳይነካ ማለት አላስፈለገም፤ አዲሱንም መጥላት አላስፈለገም።

ጎንደርን የሚያስከብሯት ግንቦቿ ናቸው ብለን እንኮራለን፤ ኩራታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ለነገሥታቱ ግንብ የሚቆረቆር ሰው ከራሱ ወንበር በላይ የሚንጠባጠበውን ውኃ ችላ ቢል ቁርቆራው ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሁሉ፥ ሰኔ ሳይገባ አንድ ሰው በኃላፊነት መድባችሁ ጣራውንና አሸንዳውን አስመርምሩ።

በእኛ መሥሪያ ቤት አጎቴ በተመለሱ በማግሥቱ ሰኞ መሰላል አቆምን። ከአሸንዳው ሁለት ጆንያ ሙሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወጣ። ባልዲውም ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ተመለሰ።