የአፍሪካ አዳራሽ ለምን ክብ ሆነ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከአሰላ ተነሥቶ በአዳማ በኩል አዲስ አበባ የገባ ሰው ወደ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ቢወጣ፥ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የአፍሪካን አዳራሽ ያገኛል። ብዙዎቻችን ይህን ሕንጻ የምናውቀው ከፎቶግራፍ ነው፤ በፎቶግራፉም ላይ የምንመለከተው መሪዎቹን እንጂ ቤቱን አይደለም። ዛሬ ግን መሪዎቹን ለጊዜው ትተን ስለ ቤቱ እንድንናገር ፈቃዳችሁን እንለምናለን። ምክንያታችንን በኋላ እንገልጻለን።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫውን በአዲስ አበባ ባደረገ ጊዜ፥ ለጉባኤ የሚበቃ ቤት አስፈለገ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሥራውን ለጣልያናዊው አርክቴክት ለአርቱሮ መዜዲሚ ሰጡ። ሕንጻው በ18 ወር ገደማ አልቆ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። (ዛሬ አንድ ፎቅ ተጀምሮ ብረቱ እስኪዝግ ድረስ ስንት ዓመት ቆሞ እንደሚቀር ወላጆቻችን ያውቃሉ።)

የጽሕፈት ቤቱ ክፍል እንደ ማንኛውም ቢሮ ቀጥ ብሎ የተሠራ ስለሆነ በእርሱ ላይ ብዙ የምንለው የለንም። ነገሩ ያለው በጉባኤው አዳራሽ ላይ ነው። ይህ አዳራሽ ክብ ነው፤ መቀመጫዎቹም በክብ ስለተደረደሩ ተወካዮቹ የሚያዩት የፊተኛውን ሰው ማጅራት ሳይሆን የእርስ በርሳቸውን ፊት ነው። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይመስለንም። አዳራሹ በተመረቀበት በዚያው በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ ነጻ መንግሥታት የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው በሁለት ተከፍለው ነበር። ሁለት ጎራ የሆኑ ሰዎችን በአራት ማዕዘን ቤት፥ ግራና ቀኝ አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ልዩነታቸውን በወንበር አጸናው ማለት ነው። በክብ ግን ግራው የት እንደሚያልቅ፥ ቀኙም የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ንክሩማና ኔሬሬ፥ ናስርና ሴንጎር በዚህ አዳራሽ ተቀምጠው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። ቻርተሩን ያስፈረመው ክቡ አዳራሽ ነው ብለን ለማጋነን አንደፍርም፤ ነገር ግን አላሰናከለም።

መዜዲሚ የአርሲን ሽማግሌዎች አይቶ ይሆን? አንልም። ሆኖም በአገራችን ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ ሽማግሌዎች በኦዳ ጥላ ሥር ሲቀመጡ፥ አቀማመጣቸው ይኸው ነው። ተበዳይም በዳይም ከሁሉም ፊት ይታያል፤ የሚናገረውም ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግነው ደግሞ ሌላው ዓይነት አቀማመጥ እንግዳ አይደለም፤ በዚያ ወንበሩ ሁሉ ወደ አትሮንሱ ይመለከታል፤ ምክንያቱም የተሰበሰብነው ቃሉን ለመስማት እንጂ ለመመካከር አይደለም። ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። ስሕተት የሚሆነው ለምክክር የተጠራን ሕዝብ እንደ ስብከት ሰሚ መደርደር ነው።

ወደ አዳራሹ ከመግባት በፊት በመግቢያው ላይ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋት አለ፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ሲሆን በሦስት ይከፈላል። ባንዱ የአፍሪካ ያለፈ ኀዘን በቀይ፥ በሌላው ከዘንዶው ጋር የሚደረገው ትግል በአረንጓዴ፥ በሦስተኛው ችቦ የያዘ ቤተሰብ በቢጫ ተሥሏል። በዚህ በሦስተኛው ላይ የተባበሩት መንግሥታትን ምልክት ያደረገ፥ ጥሩር የለበሰ ጦረኛ መቆሙ ለእኛ ትንሽ እንግዳ ነው፤ የፈረንጅ ተረት ይመስላል። ቢሆንም ለጉባኤ የሚገባው ሰው ገና ሳይቀመጥ ለምን እንደ መጣ ይነገረዋል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው፥ ቻይና ያሠራችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሟል። የቆመውም ቀድሞ ከርቸሌ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ወኅኒ ማለት ነው። ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነው፥ ኅብረቱ እንዲመሠረት በሲርት የተወሰነበት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር 9.9.1999 ስለሆነ ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ከሥር የቆመ ሰው 99.9 ይሁን 97 በዓይኑ ሊለይ አይችልም፤ በክቡ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ግን ማንም ሳይነግረው ክብነቱን ያውቀዋል። ስለዚህ ለእኛ የቀድሞው ይበልጥብናል። ያም ቤት ለመሬት መንቀጥቀጥ እንዲጸና ተጠግኖ፥ መስተዋቱም ታድሶ፥ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል።

አሁን ምክንያታችንን እንገልጻለን። ለዚህ በዓል መታሰቢያ የሚሆን አዲስ የመሰብሰቢያ አዳራሽ እንደሚሠራና ገንዘቡም እየተዋጣ እንደሆነ ሰምተናል። ፕላኑ ገና አልተነሣም። በከተማችን እንደምናያቸው አንዳንድ አዳዲስ ቤቶች ፊቱ በሙሉ መስተዋት ይሁን የሚል አሳብ እንዳለም ሰምተናል። አሰላ በጭላሎ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ናት፤ መስተዋቱ በቀትር ያቃጥለናል፥ ሲመሽ ያንቀጠቅጠናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክረምቱ ነው። በሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መምህራችን ጠመኔ ይዘው ዝም ብለው እንደሚቆሙና እስኪያባራ እንደምንጠባበቅ እናንተም በተማሪነታችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከመስተዋቱ በፊት ከቆርቆሮው በታች ወፍራም ኮርኒስ ይደረግልን።

ሁለተኛው ልመናችን ስለ ወንበሩ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ከገጠር በእግር የመጡ እናቶቻችን የሚቀመጡት ከበሩ አጠገብ፥ ከመጨረሻው ረድፍ ነው፤ ከዚያ ሆኖ እጁን ያነሣ ሰው አይታይም። በክብ አዳራሽ ግን የመጨረሻ ረድፍ ቢኖርም ሩቅ አይሆንም። ለምርቃትና ለድራማ መድረክ ያስፈልጋል የሚሉ መምህራን አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ እኛም በዚህ ላይ ተከራክረን የክቡ አንድ ወገን ለመድረክ ክፍት ቢሆን ይሻላል አልን።

የ11ኛ ክፍል ጓደኞቻችን ይህን በወረቀት ሥለውታል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተለጥፏል። ስትወጡ እንድትመለከቱትና የማይስማማችሁን በእርሳስ እንድትጽፉበት እንለምናለን፤ እርሳሱም በክር ታስሮ እዚያው ተንጠልጥሏል።