ጎርፍ ሳይመጣ መሰናዳት
(በትምህርት ቤታችን በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



ፕሮጀክት ማለት ዓላማው የታወቀ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ወጪውና ኃላፊው የተለየ ሥራ ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ግብሩ ለቆቦ ሰው እንግዳ አይደለም።

በክረምት በግዳን ደጋ ዝናብ ሲጥል በጎሊናና በሆርማት የሚወርደው ጎርፍ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ያልፋል። ስለዚህ ገበሬው አስቀድሞ በእንጨት፣ በድንጋይና በአፈር መጥለፊያ ይሠራል፤ ቦዩን ይጠርጋል፤ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣም ይስማማል። የውኃ አባት የሚባለው ሰው ተራውን ያስከብራል። ይህ ካልተሰናዳ ጎርፉ ማሽላውን ሳያጠጣ ያልፋል፤ አለዚያም ማሳውን ቆርሶ ይሄዳል። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብን ላየ አገር ደግሞ የባከነ ጎርፍ የባከነ እንጀራ ነው።

በኋላ ዘመን በራያ ቆላ በሲሚንቶ ከተሠሩት የጎርፍ መጥለፊያዎች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ በደለል ተደፈኑ። ይህም የሆነው ሲሚንቶ ስላነሰ አይደለም። ጎርፉ ምን ያህል አሸዋና ግንድ እንደሚያወርድ ገበሬው ያውቅ ነበር፤ የውኃው መግቢያ ስፋት ሲወሰን ግን በሚገባ አልተጠየቀም።

የአገራችንን ታላቅ ሥራ የዓባይን ግድብ ብንመለከትም ይኸው ትምህርት ይገኛል። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር፤ የተመረቀው ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የብረታ ብረቱና የኤሌክትሪክ መሣሪያው ሥራ በጣም ዘገየ። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ሥራውን ከያዘው ድርጅት ለመውሰድ ወሰነ፤ ከዚያም ለሌሎች ተሰጠ። ጉድለቱ ተመርምሮ ባይታረም ኖሮ ሕዝቡ ከኪሱ ያዋጣው ገንዘብ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ሆኖ ባልታየ ነበር።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ የሥራ መዘግየትም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ነገ መሐንዲስ ወይም ሹም የምንሆን ተማሪዎች ከመሠረት ድንጋዩ በፊት አገሬውን እንጠይቅ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ደለሉን ማን በየዓመቱ እንደሚጠርግም አስቀድመን እንወስን። ሪባን የሚቆረጠው አንድ ቀን ነው፤ ጎርፉ ግን በየክረምቱ ይመጣል።