ከቤቱ ዋጋ በስተጀርባ



ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ካውንቲያቸውም አንድ፣ ሞንጎመሪ ነው። ታኮማ ፓርክ ግን የራሱ ፖሊስና ቤተ መጻሕፍት ያለው ከተማ ስለሆነ፣ ባለቤቶች ከካውንቲው ግብር ሌላ የከተማ ግብር ይከፍላሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የከተማ አስተዳደር ስለሌለው ይህ ግብር የለበትም። ስለዚህ እኩል ዋጋ የተጠራባቸው ሁለት ቤቶች ወርኃዊ ክፍያቸው ይለያያል።

የታኮማን ትልልቅ ዛፎች የወደደች ትግዛ፤ መልካም ሰፈር ነው። ግን በዕቁብ ያጠራቀምነውን ዳውን ፔይመንት ከማስረከባችን በፊት ሞርጌጁን፣ ግብሩንና ኢንሹራንሱን አንድ ላይ እንደምር። በሻጩ የግብር ደረሰኝም አንታለል፤ ለነባር ባለቤት የሚደረገው ቅናሽ ወደ ገዢ አይተላለፍም።

ሒሳቡ የከበዳት እህት ወረቀቷን ይዛ ትምጣ፤ አብረን እንሠራዋለን። ቤት የምንገዛው ልንኖርበት እንጂ እንቅልፍ ልናጣበት አይደለም።