አራስ ቤትና ስክሪን፦ ለአዲስ ወላጆች ስለሚበጁ አራት ፊልሞች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ሊታያችሁ እንደሚችል እገምታለሁ። የፊልም ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ተነሥቶ «ልጅ የተወለደለት ሰው ምን ይመልከት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከዚህ አዳራሽ ይልቅ ለቡና ላይ ጨዋታ የሚመጥን ይመስላል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ባልኩ ነበር። የበኩር ልጃችን ተወልዶ፣ አራስ ጠያቂው ሁሉ ገንፎውን ቀምሶ፣ መርቆ ከሄደ በኋላ ግን ሌሊቱ ለእኛ ለሁለታችን ቀረ። በዚያ ሌሊት ስክሪን አጠገባችን ነበር። ያን ጊዜ ጥያቄው ከሙያዬ ዋና ጥያቄ ጋር አንድ ሆነብኝ፦ ምስል ዐይናችንን ወዴት ይመራል?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። የምናገረው ወላጅ ስለሚያየው ፊልም ነው እንጂ ሕፃን ስለሚያየው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከስክሪን ፊት ጨርሶ እንዳይቀመጥ መክሯል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስታውሳለሁ።

የአራስ ቤት ተመልካች ልዩ ተመልካች ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ መቀመጥ አይችልም፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይችልም፤ አንድ እጁ በሕፃኑ ተይዟል። ስለዚህ ለእርሱ የሚበጀው ፊልም በዝግታ የሚታይ፣ ተቋርጦ የሚቀጠል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲያበቃ ዐይኑን ወደ ልጁና ወደ ትዳር አጋሩ የሚመልስለት ነው። በዚህ መስፈሪያ የለካኋቸውን አራት ፊልሞች አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው የቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኪድ» ነው፤ በ1921 ለሕዝብ ቀረበ። ድምፅ አልባ በመሆኑ የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም። ቻፕሊን ይህን ፊልም ከመሥራቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1919፣ የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞቶበታል። ፊልሙ ግን ለቅሶ አይደለም። ድኻው መንገደኛ በጠባብ መንገድ ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን መጀመሪያ ለሌላ ሰው ሊያስረክብ ይሞክራል፤ እንዲያውም የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ከፍቶ ለቅጽበት ያስባል። ይህች ቅጽበት አስደንጋጭ ናት፤ እውነተኛም ናት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ገብቶ የቡና ማፍያውን በገመድ አንጠልጥሎ ጡጦ ያደርገዋል፤ ጨርቅ እየቀደደ የሽንት ጨርቅ ያዘጋጃል፤ የወንበሩን መቀመጫ ቀዶ ለሕፃኑ መጸዳጃ ይሠራለታል። እኛ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን። ቻፕሊን የሚያሳየን ዕድል የምንለው ነገር የሚሠራ እጅ እንዳለው ነው። ፍቅሩ ከሥራው በኋላ እንጂ ከሥራው በፊት አይመጣም። ልጁን ባቀፈ ጊዜ ወዲያው ፍቅር ያልተሰማው ወላጅ ቢኖር፣ እኔ ራሴ ከነዚያ አንዱ ነበርኩና፣ ይህን ፊልም ይመልከት።

ሁለተኛው የፈረንሳዊው ቶማስ ባልሜስ «ቤቢስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው፤ በ2010 ወጣ። በናሚቢያ፣ በሞንጎሊያ፣ በቶኪዮና በሳንፍራንሲስኮ የተወለዱ አራት ሕፃናትን ከልደት እስከ መጀመሪያው እርምጃ ይከተላል። ተራኪ የለውም፤ የትኛው አስተዳደግ እንደሚሻል የሚፈርድ ባለሙያም አይቀርብበትም። የሞንጎሊያው ሕፃን በገንዳ ሲታጠብ ፍየል መጥታ ከውሃው ትጠጣለች፤ የቶኪዮዋ ሕፃን በመጫወቻዎች ተከብባ አንዱ አልሳካ ሲላት ራሷን ወለሉ ላይ ጥላ ታለቅሳለች። ካሜራው በሕፃኑ ቁመት ልክ ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ጎረቤት፣ ዘመድና ስልክ በአንድ ላይ በሚመክሩበት ዘመን፣ ለሰማንያ ደቂቃ ያህል ማንም ሳይመክር ማየት ዕረፍት ነው። ለፊልም ተማሪዎቼም የምለው አለ፦ ትዕግሥት የቀረጻ ስልት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ብዙ አላውቅም።

ሦስተኛው የጃፓናዊው ሂሮካዙ ኮሬኤዳ ሥራ ነው፤ በ2013 በካን ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። የጃፓንኛ ርእሱ በጥሬው «ከዚያም አባት ይሆናል» ማለት ነው። ሥራ ወዳዱ አርክቴክት ሪዮታ፣ ስድስት ዓመት ያሳደገው ልጅ በሆስፒታል ከሌላ ቤተሰብ ልጅ ጋር እንደተለዋወጠ ይነገረዋል። ደም ይበልጣል ወይስ አብሮ መኖር? ፊልሙ ጥያቄውን በክርክር አይፈታውም። ልጆቹ ወደየወላጆቻቸው ከተመለሱ በኋላ ሪዮታ ካሜራውን ከፍቶ፣ ያሳደገው ልጅ በድብቅ ያነሣውን የራሱን ፎቶግራፎች ያገኛል፤ ብዙዎቹ ተኝቶ ሳለ የተነሡ ናቸው። አባትየው ልጁን ሳያይ ልጁ ግን ሲያየው ኖሯል። ዳይሬክተሩ ራሱ ለረጅም ቀረጻ ከቤት ርቆ ተመልሶ ዳግም ሊወጣ ሲል፣ ትንሽ ልጁ እንደ እንግዳ ቆጥራ እንደገና እንዲመጣ እንደጋበዘችው፣ ፊልሙም ከዚያ ድንጋጤ እንደተነሣ ተናግሯል።

የመጨረሻው በ2018 የወጣው «ታሊ» ነው፤ ጄሰን ራይትማን አዘጋጀው፤ ዳያብሎ ኮዲ ጻፈችው። ሻርሊዝ ቴሮን ሦስተኛ ልጇን የወለደችውን ማርሎን ትጫወታለች። ወንድሟ የሌሊት ሞግዚት ይቀጥርላት ዘንድ ያቀርብላታል። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠርቶ ይገባል፣ ልጆቹን ይወዳል፤ ማታ ግን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አልጋው ላይ የኮምፒውተር ጨዋታ ይጫወታል። ጡት ማጥባት፣ ዳይፐር መቀየር፣ ልቅሶ፣ እንደገና ማጥባት በፍጥነት እየተፈራረቁ የሚታዩበት ትዕይንት አለ፤ ሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ተመልካቹም ይጠፋበታል። ፊልሙ የእናቲቱን ሕመም በስሙ በግልጽ አልጠራም ተብሎ ተተችቷል፤ ትችቱ ተገቢ ነው። በጭንቀት ውስጥ ላለች አራስም ብቻዋን እንድታየው አልመክርም። እኔ የምመክረው ለባሎች ነው።

ምክንያቱን ልናገር። ይህን ፊልም ያየሁት ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ አልነበረም፤ ልጃችን የአራት ወር ልጅ ሳለ፣ ሌሊት፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ማዳመጫውን አወጣሁ፤ ልጁ እያለቀሰ ነበር፤ ባለቤቴ ተነሥታ ይዛዋለች። ጠዋት «ትናንት ሌሊት ስንቴ ተነሣሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ወዲያው አልመለሰችልኝም። ቆይታ «ዛሬ ገና ጠየቅከኝ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እኔ ግን ቁጣ ቢኖርበት እመርጥ ነበር።

በባህላችን አራስ ብቻዋን አትተውም። እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ይከቧታል፤ ወንዱ ግን ብዙውን ጊዜ ከደጅ ይቀመጣል። ዛሬ በከተማ፣ በኪራይ ቤት፣ ከዘመድ ርቀን ስንኖር ያ ክበብ ሳስቷል፤ የወንዱ ቦታ ግን እንደ ነበረ ቀርቷል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ስክሪን የገባው። ፊልም ክፍተቱን አይሞላም፤ እንዳለ ግን ሊያሳየን ይችላል። አይተን ካበቃን በኋላ ስክሪኑን አጥፍቶ መነሣት የእኛ ድርሻ ነው።

ገና ላልወለዳችሁ ተማሪዎቼ፣ እነዚህን ፊልሞች አሁን እንደ ሥነ ጥበብ አጥኗቸው፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ተመልከቷቸው። ሌሎች ፊልሞች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

 አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።